ያልታዘዘው የደም ምርመራ፦ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የገባ የሐኪምና የታካሚ ውይይት

ታካሚው የ53 ዓመት ሰው ናቸው፤ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው፣ ለመደበኛ ቼክአፕ የመጡ። ቀኑ ጁላይ 19 ቀን 1999፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 1991 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ነው፤ የቤተሰብ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ክሊኒክ። የተቀበሏቸው ሐኪም ዶክተር ዳንኤል ሜረንስታይን ይባላሉ፤ ያኔ የሦስተኛና የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም በልዩ ሙያ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪም፣ ነበሩ።

ሐኪሙ ሰውየውን መረመሩ። ስለ አንጀት ካንሰር ምርመራ፣ ስለ መኪና ቀበቶ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ አመጋገብ፣ ከፀሐይ ስለሚከላከል ቅባት ሳይቀር አወሯቸው። የፕሮስቴት (ከወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ያለው ዕጢ) ካንሰርንም አነሡ። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ምን ጥቅም፣ ምን ጉዳት እንዳለው ነገሯቸው፤ መነጋገራቸውንም በካርዱ ላይ ጻፉ። ምርመራው አልታዘዘም። ሁለቱ ከዚያ ቀን በኋላ በክሊኒክ አልተገናኙም።

ሬዚደንቱ ሥልጠናቸውን ጨርሰው ሄዱ። ታካሚው በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ያኛው ሐኪም ጥቅምና ጉዳት የሚባል ነገር ሳያነሣ ፒኤስኤውን አዘዘ። ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ መጣ፤ ሲጣራ የተገኘው ሊድን ከማይችልበት ደረጃ የደረሰ የፕሮስቴት ካንሰር ነበር። ክስ ተከተለ። በሜረንስታይንና ባሠለጠናቸው ፕሮግራም ላይ የቀረበው ክስ በጁን 2003 ጁሪ ፊት፣ ማለትም እንዲፈርዱ በተመረጡ ተራ ዜጎች ፊት፣ ተሰማ። ጁሪው ሐኪሙን ነፃ አወጣ፤ ፕሮግራሙን ግን ተጠያቂ አድርጎ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ።

ይህን የምናውቀው ሐኪሙ ራሳቸው በጃንዋሪ 2004 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስላወጡት ነው። ስለዚህ የምናነበው የተከሳሽን ትረካ እንደሆነ አንርሳ። ታካሚው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከሳሽ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደፈሩ አይናገሩም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁና።

ታካሚን ማዕከል ስላደረገ ሕክምና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መጨረሻው ያማረ ነው። ሐኪሙ ያዳምጣል፣ ታካሚው ይመርጣል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የቨርጂኒያው ጉዳይ የሚጠቅመን እንዲህ ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ ምርመራውን እንወቀው። ፒኤስኤ የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ ሲበዛ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ግን በዕድሜ ምክንያት ዕጢው ሲያብጥም ይጨምራል፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ እንደ ድንበር ሲያገለግል የኖረው ቁጥር 4 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ በታች የሆነ ሁሉ ንጹሕ፣ ከዚህ በላይ የሆነ ሁሉ ካንሰር ማለት ግን አይደለም። በ2004 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤያቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶች ላይ ከዕጢው ናሙና ሲወስድ ከመቶ 15 ያህሉ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ፕሮቲኑን በ1970 ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት ሪቻርድ አብሊን እንኳ ምርመራው በጅምላ መሰጠቱን በአደባባይ ሲቃወሙ ኖረዋል።

እኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» እየተባልን ነው ያደግነው። ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ የተሻለ ነው የሚለው ሐሳብ ለማንም ለማስረዳት አይከብድም፤ ለአንጀትና ለማኅፀን በር ካንሰር በእርግጥም ይሠራል። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ባሕርይው ይለያል። ብዙው በጣም በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ ባለቤቱ ሳያውቀው አብሮት አርጅቶ በሌላ ምክንያት ይሞታል። ጥቂቱ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ቶሎ ወደ አጥንት ይሰራጫል። ፒኤስኤ ሁለቱን አይለይም። እናም አንዴ «ካንሰር» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ደግሞ ስንፈተ ወሲብና ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ስለ ምርመራዎች መመሪያ የሚያወጣው የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2018 ያቀረበውን ስሌት ልጥቀስ፤ ለክሊኒክ ውይይት ከዚህ የሚሻል ነገር አላየሁም። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 69 የሆኑ 1000 ወንዶች ለዓመታት ፒኤስኤ ቢመረመሩ 240 ያህሉ አንድ ቀን «ከፍ ብሏል» ይባላሉ። ናሙና ተወስዶ 100 ያህሉ ካንሰር ይገኝባቸዋል። 80 ያህሉ ውሎ አድሮ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ይወስዳሉ። ከእነዚህ 50 ያህሉ በስንፈተ ወሲብ፣ 15 ያህሉ ሽንት ባለመቆጣጠር ይቸገራሉ። በምላሹ 3 ሰዎች ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከመሰራጨት ይተርፋሉ፤ 1 ወይም 2 ሰዎች በፕሮስቴት ካንሰር ከመሞት ይድናሉ። 5 ሰዎች ቢመረመሩም በዚያው በሽታ ይሞታሉ።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ አባቱን በዚህ በሽታ ያጣ ነው፤ «ሽንቴም ይምለጥ፣ ሌላውም ይቅር፣ ልጆቼን ላሳድግ» ይላል። ሌላው «ደህና ሆኜ ሳለሁ ለአንድ ከሺህ ዕድል ብዬ ትዳሬን አላውክም» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሕይወታቸው ግን የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ብቻውን ሊወስነው የማይችል ነገር ነው። ደረቱን ወግቶት የልብ ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ማንም «ምን ይመስልዎታል?» አይለውም። ፒኤስኤ ላይ ግን መጠየቅ የሕክምናው ዋና ሥራ ነው።

በ1999 እነዚህ ቁጥሮች አልነበሩም። ስለ ፒኤስኤ ምርመራ የተደረጉት የአውሮፓና የአሜሪካ ትልልቅ ጥናቶች ውጤታቸውን ያወጡት በ2009 ነው፤ የአውሮፓው በፕሮስቴት ካንሰር መሞትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፣ የአሜሪካው ልዩነት አላገኘም። ሬዚደንቱና ታካሚው በተቀመጡበት ጊዜ ግብረ ኃይሉ በ1996 ባወጣው መመሪያ ምርመራው በዘልማድ እንዳይሰጥ ይመክር ነበር። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በበኩሉ ከ50 ዓመት ጀምሮ ከመረጃ ጋር ይቅረብላቸው ይል ነበር። ባለሙያዎቹ ካልተስማሙ ሐኪሙ ለታካሚው ሊያደርግ የሚችለው ሐቀኛ ነገር አለመስማማታቸውን መንገር ነው። ሜረንስታይን ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ወደ ችሎቱ ስንመጣ ከሳሽ ያቀረበው ክርክር ብልህ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ የሐኪምን ሥራ የሚለካው በግዛቲቱ ውስጥ በዚያው ሙያ የሚሠራ ጠንቃቃ ሐኪም በሚያደርገው ነው። ስለዚህ አራት የቨርጂኒያ ሐኪሞች ቀርበው ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ወንዶች ሲመጡ ምንም ሳይወያዩ ምርመራውን እንደሚያዙ መሰከሩ። በቃ፤ ልማዱ ይህ ከሆነ፣ ያላዘዘው ከልማዱ ወጥቷል ማለት ነው። የተከሳሽ ወገን ከሌላ ቦታ የመጡ ታዋቂ ባለሙያዎችን አቀረበ፤ የብሔራዊ ማኅበራትን መመሪያዎች ዘረዘረ፤ መመሪያዎቹ ውይይትን እንደሚመክሩ አስረዳ። የከሳሽ ጠበቃ መልስ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና፣ ማለትም ጥናት ያረጋገጠውን የሚከተለው አሠራር፣ ወጪ መቆጠቢያ ዘዴ ነው የሚል ነበር፤ ጁሪውም ሥልጠና ፕሮግራሙ እንዲህ የሚያምኑ ሐኪሞችን ከእንግዲህ ወደ ሕዝቡ እንዳይልክ በፍርዱ እንዲያስተምረው ጠበቃው ጠየቀ።

ጁሪው ተማሪውን ነፃ አውጥቶ አስተማሪውን ቀጣ። ጁሪ ምክንያቱን አይጽፍም፤ ግን የጠበቃው ጥሪ የት እንደደረሰ ከውሳኔው ይነበባል።

እዚህ ላይ ለታካሚው ወገን ፍትሐዊ ልሁን። ያላቸው ካንሰር የዘገምተኛው ዓይነት አልነበረም። ፒኤስኤ የሚጠቅማቸው ጥቂት ሰዎች ካሉ፣ ከእነዚህ አንዱ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። አንድ ሰው እየሞተ «ለምን በአንዲት ጠብታ ደም አልተመረመርኩም?» ቢል ከመመሪያና ከመቶኛ ጋር ማን ይሟገተዋል? ችግሩ ጥያቄው የተነሣው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሐምሌ ቀን ከሰውየው ፊት የነበሩት ሺህ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ በ2003 ጁሪው የሚያየው የደረሰውን አንዱን ብቻ ነው። ምርመራው ታዝዞላቸው፣ ዘገምተኛ ካንሰር ተገኝቶ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳይፐር የሚያደርጉ ሰው «ለምን መረመራችሁኝ?» ብለው ቢከሱ ኖሮ አራቱ ሐኪሞች «እኛም ሁልጊዜ እናዛለን» ብለው ሐኪሙን ያድኑት ነበር። ከልማድ ጋር የሄደ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ተውኩት ነጥብ። ሜረንስታይን ጥቅሙንና ጉዳቱን እንዳቀረቡና ይህንንም እንደመዘገቡ ይነግሩናል። ጥሩ ነው፤ በዚያ ዘመን ከብዙዎች የተሻለ ነው። ግን ይህ የውይይቱ ግማሽ፣ የሐኪሙ ድርሻ ብቻ ነው። ተመራማሪው ግሊን ኤልዊንና ባልደረቦቹ በ2012 ለክሊኒክ እንዲመች አድርገው ባቀረቡት አሠራር ውይይቱ ሦስት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ ምርጫ መኖሩን ማሳወቅ፣ ቀጥሎ አማራጮቹን በዝርዝር ማሳየት፣ በመጨረሻ ታካሚው የሚሻለውን እንዲለይ አብሮ መወሰን። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የሚናገረው ታካሚው ነው። በታተመው ትረካ ውስጥ ሰውየው ምን እንዳሉ የለም። ምናልባት ብለዋል፤ ምናልባት ካርዱ ላይም ሰፍሮ ይሆናል። እኛ የምናነበው ግን የተነገራቸውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ቼክአፕ ውስጥ ቀበቶ፣ ጥርስ፣ ስፖርት፣ አመጋገብ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የአንጀት ካንሰር፣ በዚያ ላይ ፒኤስኤ! የመጀመሪያዎቹ ምክር ናቸው፤ «እሺ» ብሎ መውጣት ይበቃል። ፒኤስኤ ምርጫ ነው። ከምክሮቹ ጋር በአንድ ትንፋሽ ሲነገር በታካሚው ጆሮ እንደ ሌላ ምክር ሊገባ ይችላል። እኔ ብሆን ቀበቶውንና ቅባቱን ለሌላ ቀን እተወው ነበር፤ ወይም በወረቀት ሰጥቼ ፒኤስኤውን በሁለተኛ ቀጠሮ እመለስበት ነበር። በሕክምና መመሪያ ላይ ሁሉ ነገር እኩል ቦታ ስለሚሰጠው ወጣት ሐኪሞች በተለይ በዚህ ይጠመዳሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ውይይቱ አንድ ጊዜ ብቻ መደረጉ ነው። ይህ የሬዚደንቱ ጥፋት አይደለም፤ የሥርዓቱ ነው። ሬዚደንቶች ይመጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። የ53 ዓመት ሰው «አሁን ይቅርብኝ» ቢል በ54ቱም፣ በ55ቱም ሊጠየቅ ይገባል፤ ወንድሙ ታሞ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ጥናት ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ሐሳቡን ለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የካርዱ ጽሑፍ ለፍርድ ቤት ከመሆኑ በፊት ለሚቀጥለው ሐኪም ደብዳቤ ነው። «ስለ ፒኤስኤ ተወያይተናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዚያ ሐኪም ምንም አይነግረውም። ይህ ግን ይነግረዋል፦ «በቤተሰብ የፕሮስቴት ካንሰር የለም። ሳያስፈልግ መታከምን ከካንሰሩ በላይ ይፈራሉ። የጽሑፍ መረጃ ወስደዋል፤ ለጊዜው አልፈልግም ብለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ይጠየቁ።» አራት መስመር ነው፤ ለመጻፍ ቢበዛ አንድ ደቂቃ።

ሜረንስታይን ከችሎቱ በኋላ የጻፉት ያሳዝናል። ብዙ ምርመራ ማዘዝ እንደጀመሩ፣ ታካሚ ፊት እንደሚጨነቁ፣ መሆን የሚገባቸውን ሐኪም እንዳልሆኑ አልደበቁም። (ሙያውን ግን አልተዉም፤ በኋላ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ፕሮፌሰርና ተመራማሪ ሆነዋል።) አንድ ሐኪም እንዲህ ከፈራ፣ ዜናውን የሰሙ ሌሎች ሐኪሞችም ቢፈሩ አይደንቅም። ለሐኪሙ የሚያዋጣው መንገድ ግልጽ ነው፤ ዝም ብሎ ማዘዝ። ለውይይቱ ጊዜ ይሄዳል፣ ለማዘዙ ሁለት ሰከንድ።

ግን የሕጉ ወገንም ባለበት አልቆመም። ማይክል ባሪና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት ለጁሪነት ሊጠሩ የሚችሉ ሰዎችን ሰብስበው ከቨርጂኒያው ጋር የሚመሳሰል ምናባዊ ክስ አቀረቡላቸው። ካርዱ ላይ ምንም ካልተጻፈ ሐኪሙ ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ውይይቱና የታካሚው ውሳኔ ከተመዘገቡ ግን አብዛኞቹ ከሐኪሙ ጎን ቆሙ። ታካሚው ቁጥሮቹን የሚያሳይ የውሳኔ መርጃ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ አይቶ ከሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል ሐኪሙን ነፃ አወጡት። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2007 ከሁሉም ግዛቶች ቀድሞ ሕግ አወጣ፤ ሐኪሙ በእንዲህ ያለ መርጃ ታግዞ ከታካሚው ጋር ከወሰነ፣ ታካሚው ተረድቶ አልፈቀደም ተብሎ ሲከሰስ የበለጠ የሕግ ከለላ ያገኛል። የግብረ ኃይሉ አቋምም ተመላልሶ ተመላልሶ በ2018 ያረፈው እዚያው ነው፦ ከ55 እስከ 69 ላሉ ወንዶች ውሳኔው የየግል ይሁን፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው፤ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ባይደረግ ይሻላል። በ1999 ክሊኒኩ ውስጥ የሆነው ነገር ዛሬ መመሪያ ነው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ የኢትዮጵያውያን መኖሪያ ነው፤ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን በታክሲና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳና ስድሳ የሞላ አባቶች ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ ውይይቱ ለእነሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። የእኛ አባቶች ግን ሐኪም ፊት ሲቀመጡ አንድ መልስ አላቸው፦ «ዶክተር፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ እርስዎ እንዳሉ።» ይህ ጨዋነት ነው፣ እምነትም ነው። ምርጫውን ለሐኪሙ መስጠትም ራሱ ምርጫ ነው፤ ሰውየው አማራጩን ሰምቶ «እርስዎ ይወስኑልኝ» ካለ ሐኪሙ ሊያከብርለት ይገባል። ሳይሰማ ከሆነ ግን የተናገረው ይሉኝታው ነው።

አስተርጓሚ ሆኖ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ስለ ቀዶ ሕክምናው ጉዳት በዝርዝር ታስረዳለች። የሃያ ዓመቱ ልጅ አባቱን ቀና ብሎ ሳያይ «አባዬ፣ ትንሽ ችግር ሊያመጣ ይችላል እያለች ነው» ይላል። አባት «ምን ዓይነት ችግር?» ይላሉ። «ያው... የሽንት ነገር።» ስንፈተ ወሲቡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ልጅ ለአባቱ ያንን ቃል አይናገርም፤ አባትም ከልጁ አይሰሙም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም የአሜሪካ ክሊኒክ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል፤ ወንድ ይሁንልኝ ማለትም ነውር የለውም።

ለሐኪሞቻችን ደግሞ አንድ የሥራ ነገር። አባት «ገባኝ» ካሉ በኋላ ወረቀቱን ከማስፈረም በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «አባቴ፣ ማታ ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ‹ሐኪሙ ምን አለህ?› ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?» መልሱ ላይ 50ዎቹም፣ 15ቶቹም፣ ከሞት የሚድኑት 1 ወይም 2ቱም ከሌሉ ቁጭ በሉና ከቁጥሮቹ እንደገና ጀምሩ።